የጋርድዱቲን ማንቂያ በአገልግሎት ለይቶ ማግኘት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የአይቲ ባለሙያዎች ዝርዝር መመሪያ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ኮምፒውተሩንም ሰነዱንም ባንድ ጊዜ ያጣ ቢሮ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ የሂሳብ መዝገቡን፣ የደንበኞቹን ዝርዝርና የመጋዘን ቆጠራውን ክላውድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ለምን እንዳደረገው ማስረዳት አይጠበቅበትም። ግን ሰርቨሩ ከቢሮው ክፍል ሲወጣ ቁልፉና ዘበኛው አብረው አይወጡም። በሩን ማን እንደነካው የምናውቀው ከዳሽቦርድ ላይ አንብበን ነው፤ ማንበቡ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ይህ መመሪያ በአማዞን ዌብ ሰርቪስስ (በአማዞን የክላውድ አገልግሎት) ለሚጠቀሙ ነው። በተለይ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወጥታችሁ በአንድ አስመጪ፣ በአንድ የግል ክሊኒክ ወይም በአንድ ፋብሪካ ውስጥ «የአይቲው ልጅ» ወይም «የአይቲዋ ልጅ» ተብላችሁ ሁሉንም ነገር ብቻችሁን ለያዛችሁ ነው የምጽፈው። የምናየው መሣሪያ ጋርድዱቲ ይባላል። አማዞን በኅዳር 2010 ዓ.ም. ያወጣው የጥቃት መከታተያ ሲሆን በመሠረቱ ሦስት ምንጮችን ያነባል፦ በአካውንቱ ውስጥ ማን ምን እንዳዘዘ የሚመዘግበውን ክላውድትሬይልን፣ የኔትወርክ ትራፊክ ሎግን እና የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው ሥርዓት) ጥያቄዎችን። ጥርጣሬ ሲገባው ማንቂያ ያወጣል። ራሱ ግን ምንም አይዘጋም፣ ማንንም አያግድም። የማገዱ ሥራ የእናንተ ነው።

አብዛኛው ሰው ገጹን ከፍቶ መጀመሪያ የሚፈልገው ቀዩን፣ ማለትም ከፍተኛ የሚለውን ነው። እኔ የምመክረው ሌላ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የትኛው አገልግሎት እንደተነካ ለዩ፣ ክብደቱን ቀጥሎ እዩት። አንድን ትንሽ ቢሮ ሊያጠፉ ከሚችሉት ማንቂያዎች ጥቂቶቹ በአማዞን ሚዛን «ዝቅተኛ» ተብለው ነው የሚወጡት። የትኞቹ እንደሆኑ ወደ ታች ስንወርድ በስማቸው እጠራቸዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ማንቂያ ለማንበብ የአካውንቱ ዋና ባለቤት የሚገባበትን የሩት ኢሜይልና የይለፍ ቃል አትጠቀሙ። ለብቻው የአይኤኤም (የአማዞን የተጠቃሚና የፈቃድ አስተዳደር) ተጠቃሚ ክፈቱና ጋርድዱቲንና ክላውድትሬይልን የማንበብ ፈቃድ ብቻ ስጡት። አማዞን ለዚህ ዝግጁ የንባብ ፈቃዶች አሉት። ከዚያ በስልክ መተግበሪያ የሚገኘውን ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሩበት። ማብራት፣ ማስቀመጥና ደንብ መፍጠር የሚጠይቁት ደረጃዎች ግን ሙሉ ፈቃድ ባለው ሌላ ተጠቃሚ ነው የሚሠሩት። ማንቂያ የሚያነበው ሰው ምንም መሰረዝ ካልቻለ፣ በንባብ መሀል መብራት ቢጠፋም በችኮላ የተሳሳተ ነገር ቢጫንም የሚበላሽ ነገር አይኖርም።

ኮንሶሉ (የአማዞን የአስተዳደር ድረ ገጽ) ከባድ ገጽ ነው። የቢሮው ኢንተርኔት ሲቋረጥ በሞባይል ዳታ መክፈት ይቻላል፣ የአማዞን የስልክ መተግበሪያም አለ። በሞባይል ዳታ ስትገቡ ግን የአይፒ አድራሻችሁ በየጊዜው እንደሚለዋወጥ አስታውሱ። ከየት ሆናችሁ መቼ እንደገባችሁ አንድ ደብተር ላይ መጻፍ ልመዱ። ደረጃ 5 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ሪጅኑን ማስተካከል

ጋርድዱቲ የሚሠራው በየሪጅኑ፣ ማለትም የአማዞን የመረጃ ማዕከላት ባሉበት በየአካባቢው ነው። በኮንሶሉ አናት በስተቀኝ የተጻፈው ስም የምታዩትን ሁሉ ይወስናል። አማዞን ኢትዮጵያ ውስጥ ሪጅን የለውም። ለኛ ቅርብ የሚባሉት ኬፕ ታውን፣ ባህሬንና የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ናቸው፤ ፍራንክፈርትንና አየርላንድን የመረጠም አለ። ሰርቨራችሁ ፍራንክፈርት ሆኖ እናንተ ቨርጂኒያን ከፍታችሁ «ምንም የለም» የሚል ባዶ ገጽ ብታዩ፣ የደሴውን ዘበኛ ስለ ኮምቦልቻው መጋዘን እንደመጠየቅ ነው። ሰውየው ደህና ነው ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ ሐረጎን ወርዶ አላየማ።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጨርሶ የማትጠቀሙበት ሪጅን ነው። የአክሰስ ኪ (ፕሮግራሞች ወደ አካውንቱ የሚገቡበት ቁልፍ) ሌባ ቁልፉን ሲያገኝ ሰርቨራችሁ ወዳለበት አይሄድም። ማንም ወደማያይበት፣ ቶኪዮ ወይም ሳኦ ፓውሎ ሄዶ የክሪፕቶ ገንዘብ መቆፈሪያ ትላልቅ ማሽኖችን ያስነሳል። ሂሳቡ የሚታወቀው ወር ሲያልቅ፣ ያውም በዶላር ነው። ኬፕ ታውን፣ ባህሬንና ኤምሬቶች እናንተ ካልከፈታችኋቸው ዝግ ናቸው፤ ቀደምቶቹ ሪጅኖች ግን ከመጀመሪያው ክፍት ሆነው ነው የሚመጡት።

ስለዚህ፦

1. ጋርድዱቲን በክፍት ሪጅኖች ሁሉ አብሩት። ክፍያው በሚተነተነው መረጃ መጠን ስለሆነ እንቅስቃሴ የሌለበት ሪጅን የሚያስከፍለው ጥቂት ነው። የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ነፃ ናቸው፤ በነዚያ ቀናት የአጠቃቀም ገጹን እያያችሁ ወጪውን ገምቱና ለአለቃችሁ አሳውቁ።
2. የሪጅኖቹን ስም ጽፋችሁ ከጠረጴዛችሁ ፊት ለጥፉ። የሳምንቱ ፍተሻ የሚያልቀው ሁሉም ሲታይ ብቻ ነው።
3. በየሪጅኑ መዞር ከከበዳችሁ ሴኪዩሪቲ ሀብ የሚባለው አገልግሎት የብዙ ሪጅኖችን ማንቂያ አንድ ቦታ ይሰበስባል። ለብቻው ያስከፍላል። ለአንድ ትንሽ ቢሮ የደረጃ 7 የኢሜይል ዘዴ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

የአይኤኤም ትእዛዞች የአንድ ሪጅን ስላልሆኑ ጋርድዱቲ በበራበት ሪጅን ሁሉ ይተነትናቸዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ማንቂያ ሦስት ቦታ ብታዩ ሦስት ጥቃት ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

ደረጃ 2፦ የትኛው ጥበቃ እንደበራ ማየት

በግራው ዝርዝር ውስጥ «ፕሮቴክሽን ፕላንስ» የሚል ክፍል አለ። የኤስስሪ (የፋይል ማከማቻ)፣ የአርዲኤስ (ዳታቤዝ)፣ የላምዳ (ያለ ሰርቨር ኮድ ማስኬጃ)፣ የኢኬኤስ (የኮንቴይነር ማስኬጃ) እና የማልዌር (ጎጂ ሶፍትዌር) ጥበቃዎች የሚበሩት ከዚህ ነው። አካውንቱ የቆየ ከሆነ ጋርድዱቲ ከተከፈተ በኋላ የመጡት ጥበቃዎች በራሳቸው አይበሩም። ያልበራ ጥበቃ ማንቂያ አያወጣም፣ ባዶ ገጹም ምክንያቱን አይነግራችሁም። የምትጠቀሙበትን አገልግሎት ብቻ አብሩ፣ የማትጠቀሙበትን ተዉት።

ደረጃ 3፦ የማንቂያውን ስም ማንበብ

የማንቂያው ስም ራሱ ግማሹን ነገር ይነግራችኋል። በሁለት ነጥብ (:) እና በአንድ እዝባር (/) ይከፋፈላል። ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው የአጥቂው ዓላማ ነው፦ «ሪኮን» ከሆነ ስለላ፣ «ስቴልዝ» ከሆነ ዱካ ማጥፋት፣ «አንኦቶራይዝድ አክሰስ» ከሆነ ያለ ፈቃድ መግባት፣ «ኤክስፊልትሬሽን» ከሆነ መረጃ ማውጣት፣ «ክሪፕቶከረንሲ» ከሆነ በማሽናችሁ ገንዘብ መቆፈር። በሁለት ነጥቡና በእዝባሩ መካከል ያለው አገልግሎቱ ነው፦ ኢሲቱ (የኪራይ ሰርቨር)፣ አይኤኤም ዩዘር፣ ኤስስሪ፣ አርዲኤስ፣ ላምዳ። ከእዝባሩ በኋላ ዝርዝሩ ይመጣል።

ለምሳሌ «አንኦቶራይዝድ አክሰስ፦ኢሲቱ/ኤስኤስኤች ብሩት ፎርስ» የሚለው፣ በኢሲቱ ሰርቨር ላይ የይለፍ ቃል እየገመተ በኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከርቀት ማዘዣ መንገድ) በኩል ለመግባት የሚሞክር አለ ማለት ነው። መካከለኛዋን ቃል አስቀድሞ ማንበብ ልምድ ካደረጋችሁ ዝርዝሩ ረጅም ቢሆንም አያስፈራም።

ክብደቱ ከ1 እስከ 10 በቁጥር ይሰጣል። እስከ 3.9 ዝቅተኛ፣ ከ4 እስከ 6.9 መካከለኛ፣ ከ7 እስከ 8.9 ከፍተኛ፣ ከ9 ጀምሮ እጅግ አስጊ ነው።

ደረጃ 4፦ በአገልግሎት ማጣራት

በግራ በኩል «ፋይንዲንግስ» የሚለውን ክፈቱ። ከዝርዝሩ በላይ ያለውን የማጣሪያ ሳጥን ስትነኩ የመመዘኛዎች ዝርዝር ይወርዳል። ከዚያ ውስጥ «ሪሶርስ ታይፕ» የሚለውን ምረጡ፣ እኩል ይሁን በሉ፣ ቀጥሎ የአገልግሎቱን ዓይነት ስጡ። እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል ቁልፍ፣ ሰርቨር፣ ፋይል፣ ዳታቤዝ ነው።

*ቁልፎችና ተጠቃሚዎች።* ማጣሪያው «አክሰስ ኪ» ነው። ከዚህ የምጀምረው ቁልፍ ያገኘ ሰው ሌሎቹን ሁሉ ስለሚያገኝ ነው። ሦስት ስሞችን አጥንታችሁ ያዙ።

የመጀመሪያው «ፖሊሲ፦አይኤኤም ዩዘር/ሩት ክሬደንሻል ዩሴጅ» ነው፤ አንድ ሰው በዋናው ባለቤት መለያ ገብቶ ሠርቷል ማለት ነው። ሁለተኛው «ስቴልዝ፦አይኤኤም ዩዘር/ክላውድትሬይል ሎጊንግ ዲሴብልድ» ነው፤ አንድ ሰው መዝገቡን አጥፍቷል። ሁለቱም ዝቅተኛ ተብለው ነው የሚወጡት። ትልቅ ድርጅት ውስጥ አንድ መሐንዲስ በሥራ ምክንያት መዝገብ ሊያጠፋ ይችል ይሆናል። አካውንቱን የሚነካው አንድ ሰው ብቻ በሆነበት ቢሮ ግን ያ ሰው እናንተ ካልሆናችሁ ሌላ ማን ሊሆን ነው? «ዝቅተኛ» የሚለውን ሳትሰሙ በዚያው ቀን ተከታተሉት።

ሦስተኛው «አንኦቶራይዝድ አክሰስ፦አይኤኤም ዩዘር/ኮንሶል ሎጊን ሰክሰስ ቢ» ነው። አንድ ተጠቃሚ በተቀራራቢ ጊዜ ከተለያዩ የዓለም ቦታዎች ገብቷል ይላል። እኛ ዘንድ ይህ በቀላሉ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ ዕቃ ለማየት ዱባይ ሄደው ከሆቴላቸው ይገባሉ፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ በዚያው ስምና የይለፍ ቃል ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብላ ትሠራለች። ወይም አንዱ ስልኩ ላይ ቪፒኤን አብርቶ ረስቶታል። ማንቂያው ሐሰት ነው ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ትክክለኛውን ችግር ፍቱ፦ ሁለት ሰው በአንድ ስም መግባቱን አስቁሙ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መለያ ካለው በሚቀጥለው ጊዜ ይህ ማንቂያ ሲመጣ ትርጉም ይኖረዋል።

*ሰርቨሮች።* ማጣሪያው «ኢንስታንስ» ነው። እዚህ ብዛት ታያላችሁ፣ ምክንያቱም ለኢንተርኔት ክፍት የሆነን በር ሁሉ በየደቂቃው የሚያንኳኳ አለ። «ሪኮን፦ኢሲቱ/ፖርት ፕሮብ አንፕሮቴክትድ ፖርት» የሚለው ዝቅተኛ ነው፤ በር 9200 ወይም 9300 ላይ ከሆነ ግን ከፍተኛ ይሆናል፣ ኢላስቲክሰርች የሚባለው የመረጃ ማከማቻና መፈለጊያ የሚጠቀምባቸው በሮች ናቸውና። በር 22 ወይም 3389 (ከርቀት መግቢያ በሮች) ለመላው ዓለም ተከፍቶ ከሆነ የሴኪዩሪቲ ግሩፑን (ወደ ሰርቨሩ ማን መግባት እንደሚችል የሚወስነውን) ደንብ አርሙ። ማንቂያውን ደጋግሞ ከመዝጋት ይልቅ በሩን መዝጋት ይቀላል።

ኤስኤስኤች ብሩት ፎርስ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ይህ አንድ ስም ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ይናገራል። ማንቂያውን ስትከፍቱ «ሪሶርስ ሮል» የሚል መስመር አለ። «ታርጌት» ካለ የሚንኳኳው የእናንተ ሰርቨር ነው፣ ክብደቱም ዝቅተኛ። «አክተር» ካለ የሚያንኳኳው የእናንተው ሰርቨር ነው፤ ተይዟል ማለት ነው፣ ክብደቱም ከፍተኛ። ይህችን አንዲት መስመር ሳያዩ ማለፍ አይገባም። «ክሪፕቶከረንሲ፦ኢሲቱ» ብሎ የሚጀምርን ማንቂያ በተመለከተ ግን ማመንታት የለም፤ ሰርቨሩን ከኔትወርክ ለዩት፣ ሳትሰርዙት የዲስኩን ቅጂ ያዙ።

አሁን በአገልግሎት ማጣራት ራሱ የሚደብቀውን ልንገራችሁ። አንድ አጥቂ በድረ ገጻችሁ ቀዳዳ በኩል ገብቶ ሰርቨሩ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ቁልፍ ሰርቆ ከውጭ ሆኖ ቢሠራበት፣ «አንኦቶራይዝድ አክሰስ፦አይኤኤም ዩዘር/ኢንስታንስ ክሬደንሻል ኤክስፊልትሬሽን» የሚል ከፍተኛ ማንቂያ ይወጣል። የተጠቃው ሰርቨር ነው፣ ማንቂያው ግን የሚመደበው ከቁልፎች ጋር ነው። «ኢንስታንስ» ብቻ እያጣራ የሚሠራ ሰው አያየውም። የሰርቨር ማጣሪያችሁን ስትጨርሱ የቁልፎቹን ማጣሪያ አንድ ጊዜ ተመልሳችሁ አንብቡ። በሰርቨሩ ቅንብር ላይ የሜታዳታ አገልግሎቱን (ለሰርቨሩ ጊዜያዊ ቁልፉን የሚሰጠውን) ሁለተኛ ስሪት ግዴታ ማድረግም ይህን ስርቆት በጣም ያከብደዋል።

*ፋይሎች።* ማጣሪያው የኤስስሪ በኬት (የፋይል ማስቀመጫ ቋት) ነው። «ፖሊሲ፦ኤስስሪ/በኬት አኖኒመስ አክሰስ ግራንትድ» ካያችሁ ፋይሎቹ ለማንም ክፍት ሆነዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሚፈጠሩ በኬቶች ለሕዝብ ዝግ ሆነው ነው የሚጀምሩት፤ ስለዚህ ከነዚህ አንዱ ከተከፈተ አንድ ሰው አውቆ ስለከፈተው ነው። ብዙ ጊዜ ያ ሰው ድረ ገጽ የሠራ ባለሙያ ነው፣ ፎቶዎቹ እንዲታዩ ብሎ የከፈተው በኬት ውስጥ ግን የሕመምተኛ መዝገብ ወይም የመታወቂያ ቅጂ አብሮ ይገኛል። «ኤክስፊልትሬሽን፦ኤስስሪ» የሚለውን ለማየት የኤስስሪ ጥበቃው በደረጃ 2 መብራት አለበት። የግል መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሥራ ላይ ነው፤ የሰው መረጃ የያዘ ክሊኒክ ወይም የብድርና ቁጠባ ማኅበር ይህን ማንቂያ እንደ ቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሊያየው አይችልም፣ ኃላፊው በዚያው ቀን ማወቅ አለባቸው።

*ዳታቤዝ።* የአርዲኤስ ጥበቃ ሁሉንም የዳታቤዝ ዓይነት አይሸፍንም። የእናንተ ዓይነት ከሚሸፈኑት ውስጥ መሆኑን በጥበቃው ገጽ ላይ አረጋግጡ። ማይኤስኪውኤልን ራሱ ኢሲቱ ሰርቨር ላይ የጫናችሁ ከሆነ ደግሞ በአርዲኤስ ማጣሪያ በጭራሽ አታገኙትም፣ ከሰርቨሮቹ ጋር ነው የሚታየው።

በመጨረሻ ሁኔታውን ከ«ከረንት» ወደ «አርካይቭድ» ቀይራችሁ አንድ ጊዜ እዩ። ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው ማንቂያ የሚያፍን ደንብ አስቀምጦ ከሆነ የታፈኑት ሁሉ እዚያ ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ። ማንቂያ የሚቆየው 90 ቀን ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ማንቂያውን ከፍቶ ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ

ማንቂያውን ስትጫኑ በስተቀኝ ዝርዝሩ ይከፈታል። መጀመሪያና መጨረሻ የታየበትን ጊዜ፣ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ፣ የተጠቃውን ንብረት መለያ፣ የአድራጊውን አይፒና አገር፣ የታዘዘውን ትእዛዝ ጻፉ።

ሰዓቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ምርመራ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሙሉው የጄሰን መዝገብ (የማንቂያው ዝርዝር በጽሑፍ መልክ) ጊዜን የሚጽፈው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጊዜ መለኪያ) ነው። በዩቲሲው ላይ 3 ስትደምሩ የአገራችን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይወጣል፣ ከዚያ 6 ስትቀንሱ ወደ እኛ ሰዓት ይመጣል። ባጭሩ ከዩቲሲው ላይ 3 መቀነስ ነው። 06፡00 ዩቲሲ ከጠዋቱ 3፡00 ነው። 18፡40 ዩቲሲ 3 ሲቀነስ 15፡40፣ ማለትም ከምሽቱ 3፡40 ነው።

ቀኑም ይዞራል። ማንቂያው ሰኞ 22፡30 ዩቲሲ ካለ፣ ለእኛ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7፡30 ነው። የኮምቦልቻው ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ መዝገብ ላይ «ሰኞ ሌሊት 7፡30 መብራት ጠፋ» ተብሎ ከተጻፈ፣ የተለያየ ቀን የመሰለው ነገር የአንድ ደቂቃ ነገር ነው። ለዚህ ነው በሦስቱም መልክ (በዩቲሲ፣ በፈረንጅና በእኛ ሰዓት) ጎን ለጎን ጽፋችሁ ያዙ የምለው። ቢሮው ለዒድ ወይም ለጥምቀት በተዘጋበት ቀን ከቢሮው ተጠቃሚ ስም የወጣ ትእዛዝ ሲገኝ፣ ሰዓቱን በትክክል የመለሰ ሰው ብቻ ነው «ያን ጊዜ ማንም አልነበረም» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር የሚችለው። ከየት መቼ እንደገባችሁ የጻፋችሁት ደብተርም የሚወጣው አሁን ነው።

ደረጃ 6፦ በክላውድትሬይል መከታተል

ከማንቂያው ላይ የአክሰስ ኪውን መለያ ወይም የተጠቃሚውን ስም ቅዱ። ክላውድትሬይልን ክፈቱና «ኢቨንት ሂስትሪ» ውስጥ በዚያ መለያ ፈልጉ። ያለ ክፍያ የ90 ቀን የአስተዳደር ትእዛዞችን ያሳያል፣ እሱም በየሪጅኑ ነው። የምትፈልጉት ከማንቂያው በፊትና በኋላ የታዘዘውን ነው፦ አዲስ ተጠቃሚ ተፈጥሯል? አዲስ ቁልፍ ወጥቷል? ማሽን ተነሥቷል? ቁልፉ መሰረቁ ከታየ መጀመሪያ አቦዝኑት እንጂ አትሰርዙት፤ ማቦዘኑ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ካቆመ ቁልፉን መልሶ ማብራት ይቻላል፣ የተሰረዘ ግን አይመለስም።

እግረ መንገዳችሁን የአማዞንን «ሄልዝ ዳሽቦርድ» እዩ። ጋርድዱቲ የእናንተን አካውንት ባህሪ ሲከታተል፣ ሄልዝ ደግሞ አማዞን ለእናንተ በቀጥታ የሚጽፈውን ያሳያል። ቁልፋችሁ በይፋ የኮድ ማከማቻ ላይ ተለጥፎ ከተገኘ ማስታወቂያው የሚመጣው እዚህ ነው። በአገልግሎት ስምና በሪጅን ማጣራት ይቻላል። ኢሜይሉ የሚሄደው አካውንቱ መጀመሪያ ወደተከፈተበት አድራሻ ስለሆነ፣ ያ አድራሻ ከቢሮው የለቀቀ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ከሆነ ዛሬውኑ ይቀየር።

ደረጃ 7፦ ማጣሪያውን ማስቀመጥና ማንቂያውን ወደ ኢሜይል ማምጣት

በደረጃ 4 የሠራችኋቸውን አራት ማጣሪያዎች በየስማቸው አስቀምጡ፣ በየሳምንቱ ከባዶ አትጀምሩ። የማፈኛ ደንብ ግን በጥንቃቄ ይሁን። የታፈነ ማንቂያ በቀጥታ ወደ «አርካይቭድ» ይገባል፣ ኢሜይልም አይልክም። «ፖርት ፕሮብ» የሚባለውን ሁሉ ከማፈን ይልቅ፣ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ የታወቀውን የአንዱን ሰርቨር መለያ ጨምራችሁ ያን ብቻ አፍኑ።

ለኢሜይሉ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። በመጀመሪያ በኤስኤንኤስ (የመልእክት መላኪያ አገልግሎት) ውስጥ አንድ ቶፒክ (መልእክቱ ለተቀባዮቹ የሚሠራጭበት መስመር) ፍጠሩና የሁለት ሰዎችን ኢሜይል አስገቡ። ለእያንዳንዳቸው የማረጋገጫ ሊንክ ይላካል፤ እስኪጫኑት ድረስ ምንም አይደርሳቸውም። ቀጥሎ በኢቨንትብሪጅ (ክስተትን ተቀብሎ ወደ ሌላ አገልግሎት የሚያስተላልፍ አገልግሎት) ውስጥ ደንብ ፍጠሩ፦ ምንጩ ጋርድዱቲ፣ ዓይነቱ የጋርድዱቲ ፋይንዲንግ፣ መዳረሻው ቶፒኩ። ደንቡ ሁለት ይሁን እላለሁ። አንዱ ክብደቱ 7 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ሁሉ ይያዝ። ሁለተኛው ክብደቱ ምንም ይሁን ንብረቱ አክሰስ ኪ የሆነውን ሁሉ ይያዝ፤ እነዚያ «ዝቅተኛ» የተባሉት የሩትና የክላውድትሬይል ማንቂያዎች የሚደርሷችሁ በዚህኛው ነው። ኢቨንትብሪጅም በሪጅን የታጠረ ስለሆነ ደንቦቹን በየሪጅኑ ድገሙ፣ ወይም የሌሎቹን ሪጅኖች መልእክት ወደ አንዱ አስተላልፉ።

አዲስ ማንቂያ በ5 ደቂቃ ገደማ ይላካል። የተደጋገመ ማንቂያ ማሻሻያ ግን እናንተ ካልቀየራችሁት በየ6 ሰዓቱ ነው። በጋርድዱቲ «ሴቲንግስ» ውስጥ ወደ 15 ደቂቃ ቀይሩት።

ደረጃ 8፦ መሞከር

በዚያው «ሴቲንግስ» ገጽ «ጄነሬት ሳምፕል ፋይንዲንግስ» የሚል አለ። ይህንን የሚጫነው ሙሉ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ አንድ ናሙና ስለሚያወጣ የኢሜይል ሳጥኑን ያጥለቀልቀዋል፤ አስቀድማችሁ ለሁለተኛው ተቀባይ ንገሩ። ከዚያ እያንዳንዱን የተቀመጠ ማጣሪያ ክፈቱና የየራሱን ናሙና ማሳየቱን እዩ። የሩት መለያ ናሙና በኢሜይል ካልመጣ ሁለተኛው ደንብ አልሠራም ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ያልተጫነ የማረጋገጫ ሊንክ ወይም የተሳሳተ ሪጅን ነው። ኢሜይሉ መምጣት ያለበት ለሁለቱም ሰዎች ነው፣ አንዱ ደሴ ሌላው ኮምቦልቻ ቢሆኑ ደግሞ የተሻለ ነው፤ የአንዱ ከተማ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሌላው ያያል። ናሙናዎቹ ሁሉ በርዕሳቸው ላይ «ሳምፕል» የሚል ምልክት አላቸው፤ ሙከራው ሲያልቅ መርጣችሁ አርካይቭ አድርጓቸውና ፈተናውን በቀጣዩ ሪጅን ድገሙት።